ስልካችን ሲደወልለት የማይጠራው ለምንድን ነው?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት ከቀረበ ንግግር፤ አቅራቢ፦ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ)







ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል በሰፊው የሚናገሩ አንጋፋ ሰዎች በዚህ መድረክ አሉ። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ከሁላችንም ኪስ ውስጥ የሚገኝ ነው። በየቀበሌው ስንዘዋወር፣ በማኅበር ስብሰባም ሆነ በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ከአባላት ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ቅሬታ አለ። ይኸውም «ስልኬ ይሠራል፣ እኔ ስደውል ይወጣል፣ ለእኔ ሲደወል ግን አይጠራም» የሚል ነው። በተለይ ከቁልፍ ስልክ ወደ ስማርት ስልክ የተሸጋገሩ አባሎቻችን በዚህ ችግር ተቸግረዋል። ስለዚህ ዛሬ የችግሩን ምክንያቶች አንድ በአንድ እናያለን፤ መፍትሔያቸውንም እንነጋገራለን።

ጉዳዩ የማኅበር ጉዳይ የሆነው ለምንድን ነው?

የሞባይል አገልግሎት በአዲስ አበባ በ1991 ዓ.ም. ሲጀመር ወደ ገጠሩ ይደርሳል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነበር። በዚያን ጊዜ የማኅበር ጥሪ የሚተላለፈው በሰው እግር፣ በተማሪ እጅ በሚላክ ደብዳቤ፣ ወይም በገበያና በቤተ እምነት ደጃፍ በሚነገር መልእክት ነበር። ዛሬ ማዳበሪያ መድረሱ፣ የእህል መረከቢያ ቀን መወሰኑ፣ መኪና መምጣቱ፣ ጠቅላላ ጉባኤ መጠራቱ የሚነገረው በአብዛኛው በስልክ ነው። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በ8028 ነፃ የስልክ መስመር አርሶ አደሩ የግብርና ምክር በድምፅ የሚያገኝበት አሠራር ተጀምሯል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ገንዘብ መላክና መቀበል ተለምዷል። እንግዲህ ስልክ የማኅበራችን የጀርባ አጥንት ሆኗል ማለት ነው።

የማይጠራ ስልክ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። የተሻሻለ ዝርያ ላም ያላት አንዲት አባል ላሟ ጠዋት የድራት ምልክት አሳየች እንበል። አባሏ ለአዳቃይ ባለሙያው ደውላ ትነግረዋለች። ባለሙያው ሌላ ቀበሌ ላይ ስለሆነ «ስደርስ እደውላለሁ» ይላል። ጠዋት የደራች ላም ከሰዓት በኋላ መዳቀል እንዳለባት ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ድራቱ ከ18 ሰዓት ገደማ በላይ አይቆይምና። ባለሙያው ከመንታ መንገዱ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ይደውላል፤ ስልኩ ግን በመቀነቷ ውስጥ ሆኖ ድምፅ አይሰጥም። እርሱም ሌላ ጥሪ አለበትና ይሄዳል። ያቺ ላም እንደገና እስክትደራ በአማካይ 21 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። በእነዚህ 21 ቀናት ላሚቱ ትቀለባለች፤ ጥጃውም ወተቱም በዚያው ልክ ይዘገያል። ይህ ሁሉ የደረሰው በበሽታ ወይም በድርቅ ሳይሆን፣ በሁለት ደቂቃ ሊስተካከል በሚችል የስልክ ጉድለት ነው።

ከገንዘቡ በላይ ደግሞ የሚጎዳ ነገር አለ፤ እርሱም መተማመን ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር «ደውዬለት አላነሣም፤ ንቆኛል» ይላል። አባሉ በበኩሉ «እህል ሲረከቡ እኔን ትተው ለዘመዶቻቸው ብቻ ደወሉ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ አንዱ ደውሏል፣ ሌላው አልሰማም። በመካከል ግን ቅያሜ ይገባል፤ ቅያሜ የገባበት ማኅበር ደግሞ ውሎ አድሮ ይዳከማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው ያሉት አባቶቻችን ሃምሳው ሰው ሲጠራራ የሚሰማማ መሆኑን አስበው ነው።

በመጀመሪያ የሚጠየቅ ጥያቄ

ማሳችን ላይ ቡቃያ ጠውልጎ ስናይ ወዲያው መድኃኒት አንረጭም። ሥሩን ነቅለን እናያለን፤ ቅጠሉን ገልብጠን እናያለን፤ ውኃ አንሶት ነው ወይስ ውኃ ተኝቶበት ነው ብለን እንጠይቃለን። ስልክም እንዲሁ ነው። ጠጋኝ ዘንድ ሄዶ ገንዘብ ከመክፈል በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል። ጥያቄውም «ደዋዩ ምን ሰማ?» የሚል ነው።

ከጎናችሁ ያለ ሰው በራሱ ስልክ እንዲደውልላችሁ አድርጉና በጆሮው ምን እንደሚሰማ ይንገራችሁ። መልሱ ከሦስት አንዱ ይሆናል።

አንደኛ፦ «እኔ ዘንድ ይጠራል» ካለ፣ ጥሪው ከስልካችሁ ደርሷል ማለት ነው። ኔትወርኩም ሲም ካርዱም ደህና ናቸው። ችግሩ ከድምፁ ወይም ከስልኩ አስተካከል ላይ ነው።

ሁለተኛ፦ «ማግኘት አይቻልም» ወይም «ስልኩ ዝግ ነው» የሚል መልእክት ከሰማ፣ ጥሪው ከስልካችሁ አልደረሰም። ችግሩ ከኔትወርክ፣ ከሲም ካርድ ወይም ከስልኩ የኔትወርክ አስተካከል ላይ ነው።

ሦስተኛ፦ «ተይዟል» የሚል ድምፅ ከሰማ፣ ወዲያው ከተቋረጠበት ወይም ሌላ ሰው ካነሣው፣ ጥሪው በመንገድ ላይ ታግዷል ወይም ወደ ሌላ ቁጥር ዞሯል።

ይህችን ክፍፍል የያዘ ሰው የሥራውን ግማሽ ጨርሷል። አሁን እያንዳንዱን እንመልከት።

ደዋዩ ዘንድ ይጠራል፤ እኛ ዘንድ ድምፅ የለም

በብዛት የሚያጋጥመው ይህኛው ነው። የሚከተሉትን በቅደም ተከተል መመርመር ይገባል።

1. የጥሪ ድምፅ ከሙዚቃ ድምፅ የተለየ መሆኑን ማወቅ። ብዙ ሰው በስልኩ ጎን ያለውን የድምፅ ቁልፍ ተጭኖ «ጨምሬዋለሁ» ይላል። ይሁን እንጂ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ያ ቁልፍ በቀጥታ የሚጨምረው የዘፈንና የቪዲዮ ድምፅን እንጂ የጥሪ ድምፅን አይደለም። ቁልፉን ስትጫኑ በስክሪኑ ጎን የሚወጣውን ምልክት ተመልከቱ። የሙዚቃ ኖታ ካሳየ ዘፈን ነው። ከሥሩ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ወይም የማስተካከያ ምልክት ስትነኩ የተለያዩ መስመሮች ይዘረጋሉ፤ ከእነዚህም «ሪንግ» ወይም «ሪንግቶን» የሚለውን እስከ መጨረሻው መጨመር ነው። በ«ሴቲንግ» ውስጥ «ሳውንድ» በሚለው ገብቶም ይገኛል።

2. ሳይለንትና ቫይብሬሽን። ልጆች ስልኩን ሲነካኩ ወይም በኪስ ውስጥ ሲጫን ወደ ሳይለንት ይገባል። ከላይ በኩል የተሰረዘ ደወል ወይም የሚንቀጠቀጥ ስልክ ምልክት ካያችሁ ምክንያቱ እርሱ ነው። የአይፎን ስልክ ከሆነ በግራ ጎኑ ትንሽ ማብሪያ አለ፤ ብርቱካናማ ቀለም ከታየበት ድምፁ ተዘግቷል። በቅርብ ዓመታት በወጡት አይፎኖች ላይ ማብሪያው በተጫኝ ቁልፍ ተተክቷል።

3. «ዱ ኖት ዲስተርብ» ማለትም «አትረብሹኝ» የሚለው። ይህ ከሳይለንት የተለየ ነው። የድምፅ መጠኑ ሙሉ ሆኖ ሳለ እንኳ ጥሪን ዝም ያሰኛል፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው። ምልክቱ በክብ ውስጥ አግድም መስመር፣ በአንዳንድ ስልክ ደግሞ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ነው። ከስክሪኑ ላይ ወደ ታች በጣት ስትስቡ ከሚመጡት ሳጥኖች ውስጥ ታገኙታላችሁና አጥፉት። ከዚህም በተጨማሪ በሰዓት የተወሰነ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት ዝም እንዲል ተደርጎ የቆየ ስልክ በየሌሊቱ ራሱ ይዘጋል፣ ጠዋት ራሱ ይከፈታል። ቀን የሚጠራ ሌሊት የማይጠራ ስልክ ያለው ሰው «ስኬጁል» የሚለውን ገብቶ ያጥፋ። ሌሊት ላም ሲያምጥባችሁ የሐኪሙ ጥሪ እንዳያመልጣችሁ ይህን ልብ በሉ።

4. ስልኩን በፊቱ መድፋት። አንዳንድ ስልኮች በስክሪናቸው ጠረጴዛ ላይ ሲደፉ ድምፃቸውን ያጠፋሉ። ይህ እንዲሆን የተሠራ አስተካከል ነው። በስብሰባ ጊዜ ይጠቅማል፤ ዘወትር ስልኩን ደፍቶ ለሚያስቀምጥ ሰው ግን ጉዳት አለው። «ጀስቸር» ወይም «ሞሽን» ከሚለው ሥር ይጠፋል።

5. ብሉቱዝና ኢርፎን። የልጃችሁ የጆሮ ማዳመጫ ወይም የቤቱ ስፒከር በብሉቱዝ ከስልኩ ጋር ተያይዞ ከቆየ፣ ድምፁ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። ብሉቱዙን አጥፍታችሁ ሞክሩ። በሌላ በኩል ኢርፎን ሳይሰካ ከላይ የኢርፎን ምልክት የሚያሳይ ስልክ አለ። ይህም በቀዳዳው ውስጥ አቧራ ወይም እርጥበት በመግባቱ ስልኩ ኢርፎን የተሰካበት መስሎት ነው። ኢርፎን ሁለት ሦስት ጊዜ መሰካትና መንቀል ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

6. የጠፋ የጥሪ ዜማ። ለጥሪ የመረጣችሁት ዘፈን በሚሞሪ ካርድ ላይ ከነበረና ካርዱ ከወጣ ወይም ዘፈኑ ከተሰረዘ፣ በአንዳንድ ስልክ ላይ ጥሪው ያለ ድምፅ ይቀራል። ከስልኩ ጋር ከመጡት ዜማዎች አንዱን መምረጥ መፍትሔው ነው። እንዲሁም ሁሉም ሲደውል የሚጠራ፣ አንድ ሰው ሲደውል ብቻ የማይጠራ ከሆነ፣ በዚያ ሰው ስም ላይ ለብቻው «ነን» ወይም «ሳይለንት» የሚል ዜማ ተሰጥቶ እንደሆነ የስም መዝገቡን ክፈቱና እዩ።

7. የ«ፎን» መተግበሪያው ማሳወቂያ መዘጋት። ማስታወቂያ የሚያበዙ መተግበሪያዎችን ለመዝጋት ሲባል በስሕተት የስልኩ የራሱ የጥሪ መተግበሪያ ማሳወቂያ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። እንዲህ ሲሆን ጥሪው ሲመጣ ድምፅም ሥዕልም አይታይም፤ በኋላ ግን ከጥሪ ዝርዝር ውስጥ ያመለጠ ሆኖ ይገኛል። «ሴቲንግ» ከዚያም «አፕስ» ከዚያም «ፎን» ገብታችሁ «ኖቲፊኬሽን» መብራቱን አረጋግጡ። የደዋይ ስም የሚያሳዩ ሌሎች መተግበሪያዎችን የጫናችሁም ካላችሁ፣ ለጊዜው አንሥታችሁ ሞክሩ።

8. ስፒከሩ ራሱ። እስካሁን ያልነው ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ፣ በስልኩ ዘፈን ክፈቱ። ዘፈኑ በደንብ ከተሰማ ስፒከሩ ደህና ነው፤ ችግሩ አሁንም ከአስተካከል ነውና ተመልሳችሁ እዩ። ዘፈኑም ካልተሰማ ወይም ካንኮራፋ ስፒከሩ ታፍኗል ወይም ተበላሽቷል። በስልክ ስንነጋገር ጆሯችን ላይ የሚሰማው ድምፅ የሚወጣው ከሌላ ትንሽ ስፒከር ስለሆነ፣ «ሳወራ ይሰማኛል» ማለት የሚጠራው ስፒከር ደህና ነው ማለት አይደለም። በውቂያ ጊዜ የዓውድማ አቧራ፣ በወፍጮ ቤት የዱቄት ብናኝ፣ በኪስ ውስጥ የጨርቅ ብናኝ በትንንሾቹ ቀዳዳዎች ላይ ይጋገራል። በደረቅና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማጽዳት ተገቢ ነው። መርፌ መውጋት፣ በውኃ ማጠብ ወይም በአፍ መንፋት ጉዳቱን ያብሳል።

ደዋዩ «ማግኘት አይቻልም» የሚል መልእክት ይሰማል

ስልካችን ከማንም ጋር ባናወራ እንኳ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በአቅራቢያው ካለው የኔትወርክ ምሰሶ ጋር እየተገናኘ «እዚህ ነኝ» ይላል። ጥሪ ሲመጣ ምሰሶው ስልኩን ይጠራዋል፤ ስልኩ ሲመልስ ድምፁ ይሰማል። ይህ ግንኙነት ሲቋረጥ ጥሪው መድረሻ ያጣል።

በመጀመሪያ የአውሮፕላን ምልክት ከላይ ካለ «ፍላይት ሞድ» በርቷልና አጥፉት። የአውሮፕላን ምልክት ባይኖርም ይህንኑ ፍላይት ሞድ ለግማሽ ደቂቃ አብርቶ ማጥፋት ወይም ስልኩን ሪስታርት ማድረግ ከምሰሶው ጋር እንደ አዲስ እንዲገናኝ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይስተካከላል።

ቀጥሎ የኔትወርኩን ዓይነት እንይ። አንዳንድ ወጣቶች ኢንተርኔት እንዲፈጥንላቸው ስልካቸውን በ4ጂ ብቻ እንዲሠራ ያደርጉታል። ይሁን እንጂ በ4ጂ ላይ የድምፅ ጥሪ ማስተናገድ የማይችል ስልክ ጥሪ ሲመጣለት ወደ 2ጂ ወይም 3ጂ መውረድ አለበት። መውረጃው ከተዘጋ ኢንተርኔቱ እየሠራ ጥሪው ግን አይገባም። ስለዚህ በ«ሞባይል ኔትወርክ» ውስጥ 2ጂ፣ 3ጂና 4ጂ በአንድነት የተጻፉበትን ወይም «አውቶ» የሚለውን ምረጡ።

ሁለት ሲም የምንጠቀም ብዙዎች ነን። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ከጀመረ በኋላ በ09 የሚጀምረውንና በ07 የሚጀምረውን ቁጥር በአንድ ስልክ መያዝ ተለምዷል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ከሁለቱ ሲሞች አንዱ በሴቲንግ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ በአብዛኛው ስልክ በአንዱ ሲም እያወራን ሳለ በሌላው ሲም የሚደውል ሰው አያገኘንም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የስልኩ አሠራር ነው። ለማኅበሩ የምትሰጡት ቁጥር በአካባቢያችሁ ኔትወርኩ የሚበረታው ይሁን።

ከዚህ ሌላ ሲም ካርዱ ራሱ ሊላላ ወይም ሊቆሽሽ ይችላል። ስልኩን አጥፍታችሁ ሲሙን አውጡ፤ ወርቃማውን ገጽ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉና መልሳችሁ አስገቡ። ካልተስተካከለ ሲሙን በሌላ ሰው ስልክ አስገብታችሁ አስደውሉ። እዚያ ከጠራ ሲሙ ደህና ነው፣ ስልኩ ነው የታመመው። እዚያም ካልጠራ ጉዳዩ የቁጥሩ ነውና ቁጥሩን ወደ ሰጠው ድርጅት መሄድ ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ካርድ ሳይሞላበት የቆየ ቁጥር ሊዘጋ እንደሚችልም አስታውሱ።

የቦታም ነገር አለ። ቆርቆሮ ክዳን ኔትወርክ ያዳክማል፤ ሸለቆ ውስጥ ያለ ቤትም እንዲሁ። ቤት ውስጥ ስልኩን ከሳጥን ወይም ከብረት ቁም ሣጥን ውስጥ አውጥቶ በመስኮት አጠገብ ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ የሚያመጣውን ለውጥ ሞክራችሁ ታዩታላችሁ።

ደዋዩ «ተይዟል» ይሰማል፤ ወይም ሌላ ሰው ያነሣል

አንድ ሰው ብቻ ሲደውል የማይገባ፣ ሌላው ሲደውል የሚገባ ከሆነ የዚያ ሰው ቁጥር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በጥሪ መተግበሪያው ሴቲንግ ውስጥ «ብሎክድ ነምበርስ» የሚለውን ክፈቱ። የሊቀ መንበሩን ቁጥር ሕፃን ልጅ በጨዋታ ዘግቶት ወራት ሊቆይ ይችላል። በዚያው አካባቢ በስም ያልተመዘገበን ቁጥር ሁሉ የሚያግድ አስተካከል አለ፤ እርሱ ከበራ አዲስ የመጣ የእንስሳት ሐኪም ወይም የመኪና ሹፌር ፈጽሞ አያገኛችሁም።

ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር የዞረ እንደሆነ ለማወቅ *#21# ብላችሁ ደውሉ። የሚመጣው መልስ ጥሪያችሁ ወደየት እንደሚሄድ ያሳያል። ማንኛውንም የጥሪ ማዞሪያ ለመሰረዝ ##002# ተብሎ ይደወላል። በስልክ እያወራችሁ ሳለ ሁለተኛ ደዋይ «ተይዟል» እንዳይባል ደግሞ *43# ብላችሁ ብትደውሉ የጥሪ መጠበቂያው ይከፈታል።

እዚህ ላይ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። አንድ የማታውቁት ሰው ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል» ወይም «መስመርዎን ላስተካክል» እያለ በ*21* ወይም በ**21* የሚጀምር ቁጥር እንድትደውሉ ቢነግራችሁ ፈጽሞ አታድርጉት። ይህ ጥሪያችሁን ሁሉ ወደ እርሱ ስልክ የሚያዞር ዘዴ ነው። የእናንተ ስልክ ዝም ይላል፤ በእናንተ ቁጥር የሚመጣውን ጥሪ እርሱ ያነሣል። የቴሌብር የምሥጢር ቁጥርንም ለማንም ሰው፣ ለልማት ሠራተኛም ቢሆን፣ አትንገሩ።

ከዓረብ አገር የሚደውሉ ልጆቻችን

ብዙ ወላጆች «ልጄ በኢሞ ስትደውል ስልኩ አይጠራም» ይላሉ። በኢሞ፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም የሚመጣ ጥሪ በኢንተርኔት የሚመጣ እንጂ እንደ ተራ የስልክ ጥሪ አይደለም። ስለሆነም ዳታ ከተዘጋ ወይም ጥቅሉ ካለቀ አይገባም። ዳታው ክፍት ሆኖም የማይጠራ ከሆነ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል መተግበሪያውን አስተኝቶታል ማለት ነው። «ሴቲንግ» ከዚያም «አፕስ» ከዚያም የመተግበሪያውን ስም ገብታችሁ፣ «ኖቲፊኬሽን» መብራቱን እዩ፤ በ«ባትሪ» ሥር ደግሞ ገደብ የሌለውን ማለትም «አንሪስትሪክትድ» የሚለውን ምረጡ። ባትሪ ቆጣቢውንም አጥፉ። ከልጃችሁ ጋር የመደወያ ሰዓት ተነጋግራችሁ ዳታውን በዚያ ሰዓት ብቻ መክፈት ወጪም ይቀንሳል።

ማድረግ የሌለብን

ስልክ ውኃ ሲገባበት እሳት ዳር ማስቀመጥ ወይም በጤፍና በሌላ እህል ውስጥ መቅበር የተለመደ ነው። እሳት ባትሪውን ይጎዳል፤ የእህሉ ብናኝና ፍሬ ደግሞ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ሌላ ችግር ይጨምራል። ወዲያው አጥፍቶ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር አቆይቶ ማድረቅ ይሻላል። እስኪደርቅ ቻርጅ አታድርጉት።

ሌላው ጠጋኝ ወይም ጎረምሳ ልጅ «ሁሉንም ላጥፋውና እንደ አዲስ ይነሣ» ሲል ቶሎ እሺ ማለት ነው። ይህ ዘዴ በስልኩ ውስጥ ያሉ ፎቶዎችንና በስልኩ ላይ ብቻ የተመዘገቡ ስሞችን ሁሉ ያጠፋል። የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መፍትሔ መሆን የለበትም፤ የግድ ከሆነም አስቀድማችሁ የሰዎችን ቁጥር በደብተር ገልብጡ።

ማኅበራችን ምን ያድርግ?

አባላት ስልካቸውን ማስተካከል ብቻ አይበቃም። ጠሪውም የአጠራር ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። በዚህ ረገድ ለየመሠረታዊ ማኅበሩ የሚከተሉትን አቀርባለሁ።

ሀ. በአባላት መዝገብ ላይ ከአባሉ ቁጥር ሌላ የአንድ ጎረቤት ወይም የቤተሰብ ቁጥር ይጻፍ። ባልና ሚስት ሁለቱም ስልክ ካላቸው የሁለቱም ይመዝገብ፤ ብዙውን ጊዜ ላሚቱንም ሆነ ጓሮውን የምታየው እናት ናትና።

ለ. ያላነሣ አባል ወዲያው በድጋሚ ይደወልለት። በብዙ ስልክ ላይ «አትረብሹኝ» የሚለው ቢበራም እንኳ፣ ተደጋጋሚ ደዋይ እንዲያልፍ የሚፈቅድ አስተካከል አለ፤ በአንድሮይድ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ የደወለ ሰው ድምፁ ሊሰማ ይችላል። ከዚያም በአማርኛ አጭር መልእክት ይላክ፤ መልእክቱም ቀኑን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ይግለጽ።

ሐ. እያንዳንዱ አባል የሊቀ መንበሩን፣ የአዳቃይ ባለሙያውን፣ የእንስሳት ሐኪሙንና የጤና ኬላውን ቁጥር በስም መዝግቦ የኮከብ ምልክት ያድርግባቸው። በዱ ኖት ዲስተርብ አስተካከል ውስጥ ኮከብ ያላቸው ሰዎች እንዲያልፉ መፍቀድ ይቻላል።

መ. በየወሩ ስብሰባ መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ ለስልክ ይሰጥ። ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ ባሉት ቁጥሮች ይደውል፤ ያልጠራው ስልክ እዚያው በወጣት አባላት ይታይ። ትራክተር ከእርሻ በፊት እንደሚፈተሽ፣ ስልክም ከመኸር ርክክብ በፊት መፈተሽ አለበት።

ሠ. ጠቅላላ ጉባኤን የሚያህል ጉዳይ በስልክ ብቻ አይጠራ። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ጠቅላላ ጉባኤ የማኅበሩ የበላይ አካል ነው። ስልክ የሌላቸው አባላት አሉን፤ ማስታወቂያ መለጠፍና በሰው መላክ አይቅር።

የተከበራችሁ አባላት፣

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። «ስልክ አላውቅም» ብሎ ማፈር አያስፈልግም፤ የሰባ ዓመት አባት ከልጅ ልጁ ስልክ መማሩ፣ የልጅ ልጁም ከአያቱ የዘር ምርጫ መማሩ የሚያስከብር እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ «ደውዬ አላነሣም» የሚል ሰው ሲገጥመን፣ ከመቀያየማችን በፊት «ደዋዩ ምን ሰማ?» ብለን እንጠይቅ።

አሁን ከመቀመጫችሁ ሳትነሡ፣ እያንዳንዳችሁ ከአጠገባችሁ ላለው ሰው ደውሉ። ያልጠራ ስልክ ያለው ሰው ከዚህ ንግግር በኋላ በዳሱ በስተቀኝ በሚገኘው ጠረጴዛ ይምጣ፤ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን አብረን እናየዋለን።

መጪው ዘመን የሰላምና የበረከት ይሁንልን።